ሞተሩ ሳይነሣ ጉልበቱን መተንበይ፤ ተረትና እውነታ

በአሜሪካ አገር፣ አሮጌ መኪና ገዝቶ በትርፍ ጊዜው ማደስን ልማድ ባደረገው ሕዝብ ዘንድ፣ የሼቭሮሌን 350 ሞተር፣ ማለት 5.7 ሊትር የሚይዘውን ባለ ስምንት ሲሊንደር ቪ8፣ ፈትቶ በመረጠው ዕቃ እንደ ገና የሚገጥም ሰው ዛሬ ገንዘቡን ከኪሱ ከማውጣቱ በፊት ኮምፒዩተሩን ያማክራል። ከ1990ዎቹ ወዲህ እንደ ዴስክቶፕ ዳይኖ ያሉ ፕሮግራሞች በየቤቱ ስለ ገቡ፣ የሲሊንደሩን ስፋት፣ የፒስተኑን ምት፣ ቫልቮቹን የሚከፍተውን የካምሻፍቱን ጠባይና ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነውን የቴስታታውን አየር የማሳለፍ ዐቅም በቁጥር ለሚነግራቸው ሁሉ፣ ሞተሩ ገና በየሣጥኑ ተበትኖ ሳለ፣ ወደፊት የሚሰጠውን የፈረስ ጉልበት በሥዕልና በአኃዝ ያሳዩታል። ስለዚህ አኃዝ ሁለት ወገን ተነሥቷል፤ አንደኛው እንደ ነቢይ ቃል ይቀበለዋል፣ ሁለተኛው የልጆች ጨዋታ ነው ብሎ ይንቀዋል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም የተሳሳቱት ፕሮግራሙ በእርግጥ ምን እንደሚያሰላ ሳይመረምሩ ስለ ፈረዱ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የተስፋፋው ተረት ፕሮግራሙ ሞተሩን ያውቀዋል የሚለው ነው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው አየርን ነው። የቤንዚን ሞተር ባሕርዩ አየር መሳብ፣ አየሩ በሚችለው መጠን ነዳጅ ማቃጠል፣ ከሚወጣውም ሙቀት ሲሶውን ወይም ከዚያ ያነሰውን ወደ ሥራ መለወጥ ስለ ሆነ፣ የገባውን አየር መዝኖ ያወቀ ሰው ጉልበቱን ሊያሰላ ይችላል። ነገሩን በወረቀት ላይ እናውርደው። ባለ አራት ምት ሞተር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ይሞላልና፣ ይህ የሼቭሮሌ ሞተር በደቂቃ 5,500 ዙር ሲዞር፣ ሲሊንደሮቹ ምንም ሳይጎድሉ ቢሞሉ፣ በደቂቃ 15.8 ሜትር ኩብ አየር ይስባል፤ ይህም በ25 ዲግሪ ሙቀትና በ99 ኪሎፓስካል ግፊት 18.2 ኪሎግራም ያህል ይመዝናል። ሲሊንደሮቹ ግን እንዲህ አይሞሉም፤ ከመቶው ዘጠናውን ሞሉ ብንል 16.4 ኪሎግራም ይቀራል፤ ለአንድ ኪሎግራም ነዳጅ 12.8 ኪሎግራም አየር ከተሰጠ በሰዓት 77 ኪሎግራም ቤንዚን ይነዳል፤ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት 290 ግራም የሚፈጅ ሞተር ከሆነም የሚወጣው 265 ኪሎዋት፣ ማለት 355 የፈረስ ጉልበት ነው። አሁን ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ እንለውጥና ዘጠናውን ሰማንያ አምስት እናድርገው፤ ውጤቱ ወደ 335 ይወርዳል። እነዚህ ሃያ ፈረሶች የጠፉት ሞተሩ ስለ ታመመ ሳይሆን ስለ አሞላሉ የነበረን ግምት ጥቂት ስለ ተዛነፈ ነው። ፕሮግራሙም ያንን የአሞላል መጠን ከቫልቮቹ አከፋፈትና ከቴስታታው ስፋት ተነሥቶ፣ ክራንክሻፍቱ በዞረ ቁጥር ዲግሪ በዲግሪ እየተከተለ ለማግኘት ይደክማል እንጂ ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም።

ስለዚህ ስሕተቱ የሚገባው በስሌቱ መሐል ሳይሆን በመነሻው ነው፤ በባሕረ ሐሳብ ወንበሩን የሳተ ሰው፣ ቀጥሎ ያለውን ማባዛትና መግደፍ አንድም ሳያጓድል ቢፈጽም እንኳ፣ አበቅቴውንና መጥቅዑን ስቶ ፋሲካን በማይውልበት ቀን እንደሚያውለው ማለት ነው። የካምሻፍቱን ነገር እንመልከት። አንድ ካምሻፍት ቫልቩን ስንት ዲግሪ ከፍቶ እንደሚያቆይ ሻጩ በሁለት መንገድ ይጽፈዋል፤ አንደኛው ቫልቩ ገና ንቅንቅ ሲል ጀምሮ የሚቆጠረው የማስታወቂያ ቁጥር ነው፤ ሁለተኛው ካሙ ገፊውን 1.27 ሚሊሜትር፣ በአሜሪካኖቹ አለካክ 0.050 ኢንች፣ ካነሣ በኋላ የሚቆጠረው ነው። በአንደኛው 280 የተባለው በሁለተኛው 230 ሊሆን ይችላል። እንግዲህ 230 በሚጠየቅበት መስመር 280 ብሎ የጻፈ ሰው፣ ወደ ገበያ የሚነዳውን መኪና ሳያስበው የውድድር መኪና አድርጎታል፤ ፕሮግራሙም ያለ አንዳች ተቃውሞ ጉልበቱን ወደ ላይኛው ዙር ገፍቶ፣ በዝቅተኛው ዙር ያለውን አጉድሎ፣ በዓለም ላይ የሌለ ሞተር ሥዕል ይስልለታል። የቴስታታውም እንዲሁ ነው። አየር ማሳለፉ የሚለካው በተወሰነ የግፊት ልዩነት ሲሆን፣ በአሜሪካ ዛሬ የተለመደው 28 ኢንች የውሃ ከፍታ ቢሆንም በ10 ኢንች የተለኩ ቁጥሮችም ይገኛሉ። ፍሰቱ የሚያድገው እንደ ግፊቱ ካሬ ሥር ስለ ሆነ፣ በ10 ኢንች በደቂቃ 150 ኩቢክ ጫማ ያሳለፈው ቴስታታ በ28 ኢንች 251 ያሳልፋል፤ ቴስታታው ግን ያው ነው። ግፊቱ አብሮ ያልተጻፈበት የፍሰት ቁጥር ከየትኛውም ሊቅ እጅ ቢገኝ ወደ ፕሮግራሙ ሊገባ አይገባውም።

የእመቃውን ምጥጥን፣ ማለት ፒስተኑ ታች ሳለ ያለው ክፍት ሽቅብ ሲደርስ ለሚቀረው ክፍት ሲካፈል የሚገኘውን ቁጥር፣ ትንሽ ከፍ ማድረግ ጉልበትን እጅግ ያበዛል የሚለውም ተረት ከዚሁ ጋራ ይሄዳል። የዚህ ሞተር አንዱ ሲሊንደር 716.6 ሲሲ ይጠርጋል። የቴስታታው ጎድጓዳ 64፣ ጋስኬቱ 9፣ በፒስተኑ ራስ ላይ ያለው የቫልቭ ማረፊያ 5፣ ፒስተኑም ሽቅብ ሲደርስ ከብሎኩ ጠርዝ 0.64 ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ስለሚቆም በዚያ የሚቀረው ክፍት 5 ሲሲ ቢሆን፣ ምጥጥኑ 9.6 ነው። ይህን የመጨረሻውን ረስቶ ያሰላ ሰው 10.2 ያገኛል። በዚህ የተነሣ በአኃዙ ላይ የሚጨመረው ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም፤ ከ355 ላይ ስድስት ፈረስ ገደማ ነው። ጉዳቱ በሌላ በኩል ይመጣል፤ ቀላሎቹ ፕሮግራሞች ገና ያልነደደው ድብልቅ ከሙቀቱና ከግፊቱ ብዛት የተነሣ በራሱ ፈንድቶ ፒስተኑን የሚቀጠቅጥበትን ሁኔታ ከቁም ነገር አይቈጥሩትምና፣ ምጥጥኑን 14 ብትሏቸው ተጨማሪውን ጉልበት አስልተው ያስረክቧችኋል፤ የተሰበረውን ፒስተን የሚቆጥረው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ዋጋው የከበደ ፕሮግራም ልኬት አያሻውም የሚሉም አሉ። በእርግጥ ከፕሮግራም ፕሮግራም ይበልጣል። አንዱ ወገን ሲሊንደሩን እንደሚሞላና እንደሚጎድል ዕቃ ብቻ ይቆጥረዋል፤ በዚህ ዓይነቱ ንጹሕ ስሌት የመሳቢያውን ቱቦ ርዝመት በግማሽ ብትቆርጡት ሞተሩ አይሰማውም። ሁለተኛው ወገን፣ በቤልፋስት የኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ጎርደን ብሌር በ1999 ስለ ባለ አራት ምት ሞተሮች ባሳተሙት መጽሐፍ በሰፊው ያስተማሩትን የመሰለ፣ በቱቦዎቹ ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰውን የግፊት ማዕበል እየተከተለ ያሰላል። የማዕበሉ ነገር ረቂቅ ነው፤ በደቂቃ 6,000 ዙር ላይ አንድ ዙር የሚፈጀው የሰከንድ አንድ መቶኛ ብቻ ሲሆን፣ በዚያች ጊዜ ድምፅ በመሳቢያው ውስጥ 3.4 ሜትር፣ በጋለው ጭስ ውስጥ ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ መንገድ ይጓዛል፤ ስለ ሆነም ከቱቦው ጫፍ ነጥሮ የሚመለሰው ማዕበል ቫልቩ ሊዘጋ ሲል ደርሶ አየር የሚገፋለት ወይም ዘግይቶ የሚቀርበት፣ እንደ ቱቦው ርዝመት ነው። ይሁን እንጂ ይህም ቢሆን ነዳጁ በምን ፍጥነት እንደሚነድ ከራሱ አያመነጭም፤ ብዙውን ጊዜ በሶቪየቱ መሐንዲስ በኢቫን ቪቤ ስም በሚጠራው ቀመር ተጠቃሚው እንዲነግረው ይጠብቃል፤ የሰበቃውንም ብክነት ከዚህ በፊት በተለኩ ሞተሮች ላይ ተመሥርቶ ይገምታል። ጂቲ ፓወርንና ዌቭን የመሰሉ ፕሮግራሞችን የሚጠቀሙት የመኪና ፋብሪካ መሐንዲሶች እንኳ በሲሊንደር ውስጥ የተለካ ግፊት አምጥተው ፕሮግራሙን ካላስተካከሉ አኃዙን አያምኑትም።

አሁን ወደ ናቂዎቹ ልመለስ። ፕሮግራም ሐሰት ነው፣ እውነቱ የሞተርን ጉልበት በሚለካው መሣሪያ፣ በዳይናሞሜትር ላይ ብቻ ነው ይላሉ። ዳይናሞሜትር ከግምት እንደሚሻል አልክድም፤ ነገር ግን የተለካ ቁጥር ሁሉ አንድ ነገር የሚናገር አይምሰላቸው። የእንግሊዝ ፈረስ 746 ዋት፣ የሌላው አውሮፓ ፈረስ 735.5 ዋት ነውና ፈረሱ ራሱ አንድ አይደለም። ኤልቲ 1 የተባለው የኮርቬት ሞተር በ1971 ሞዴል 330፣ በ1972 ሞዴል 255 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ተጻፈ፤ ከልዩነቱ የሚበዛው ግን ሞተሩ ስለ ደከመ የመጣ ሳይሆን፣ ቀድሞ ተጓዳኝ ዕቃው ተነሥቶለት ይለካ የነበረው ሞተር ከዚያ ወዲህ ማራገቢያውን፣ የአየር ማጣሪያውንና የጭስ ማውጫውን ይዞ ስለ ተለካ ነው። ዛሬም ንባቡን በአሮጌው የአሜሪካ ደንብ ወደ 15.6 ዲግሪ ሙቀት የሚያርም ቤትና በአዲሱ ወደ 25 ዲግሪ የሚያርም ቤት፣ ያንኑ ሞተር በዚያው ቀን ለክተው ከመቶ አራት ያህል ይለያያሉ፤ ይህም በእኛ ሞተር ላይ 14 ፈረስ ነው። ከጎማው ላይ የተለካውን ወስዶ ‹‹በመቶ አሥራ አምስት ጨምርበት›› የሚለው ልማድ ደግሞ መሠረት የለውም፤ የካምቢዮና የዲፈረንሲያል ብክነት እንደየዕቃው፣ እንደ ዘይቱ ሙቀትና እንደ ፍጥነቱ ይለያያል።

ታዲያ ፕሮግራሙ የሚጠቅመው ለምንድን ነው? ሁለት ሐሳቦችን ጎን ለጎን አቁሞ ለማበላለጥ ነው። በአንደኛው ካምሻፍት ላይ የተሳተው ግምት በሁለተኛውም ላይ በአብዛኛው ያው ስለ ሆነ፣ ሁለቱ ሲቀናነሱ ስሕተቱ ይሟሟና ልዩነቱ ይቀራል፤ ያም ልዩነት ከእያንዳንዱ አኃዝ ይልቅ የታመነ ነው። እዚህም ላይ ብዙዎችን የሚያስት አንድ ምኞት አለ፤ ፕሮግራሙ ከሚስለው የጉልበት ኩርባ ጫፍ ላይ የቆመውን ትልቁን ቁጥር ብቻ መመልከት። የሚበዛው የመንገድ መኪና ዕድሜውን የሚያሳልፈው ከ3,000 ዙር በታች ነውና፣ በጫፉ ላይ ጥቂት ፈረስ ጨምሮ በታች ያለውን የመጠምዘዝ ኃይል የሚያጎድል ካምሻፍት በወረቀት ላይ አሸንፎ በዳገት ላይ ይሸነፋል። አኃዙን ራሱን መመርመር ለሚፈልግም ቀላል መስፈርት አለ፤ በ5,500 ዙር 355 ፈረስ ማለት 460 ኒውተን ሜትር፣ በሊትር ሲካፈል 80 ነው፤ ተርቦ የሌለው፣ በሲሊንደር ሁለት ቫልቭ ብቻ ያለው የመንገድ ሞተር በሊትር ከ105 በላይ ይሰጣል ብሎ ፕሮግራሙ ቢያበሥር፣ ካስገባነው ቁጥር አንዱ ተሳስቷል ብሎ ወደ ኋላ መመለስ ይገባል።

በአዲስ አበባ ሆኖ ይህን ጥበብ የሚሞክር አንባቢ አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ ይበል። ፕሮግራሞቹ ካልተነገራቸው በቀር አየሩን በባሕር ጠረፍ እንዳለ ይቆጥሩታል፤ ከተማይቱ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለ ተቀመጠች የአየሩ ግፊት 77 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ በ99 ኪሎፓስካል 355 የተባለው ያ ሞተር እዚህ ወደ 270 ገደማ ይወርዳል። እንግዲህ የቴስታታውን ጎድጓዳ ከሻጩ ወረቀት ሳይሆን ምልክት ባለው ሲሪንጅ ፈሳሽ እየጨመራችሁ ራሳችሁ ለኩ፤ የካምሻፍቱን ዲግሪ ከየት ጀምሮ እንደ ተቆጠረ ጠይቁ፤ በአየሩ ግፊት መስመር የከተማችሁን ቁጥር ጻፉ፤ ሞተሩም በመጨረሻ ዳይናሞሜትር ላይ ሲወጣ፣ ከታረመው ንባብ ጋራ ያልታረመውን ጭምር ሳትቀበሉ ከቤቱ አትውጡ።