«ረን» ማለት መሮጥ ብቻ ነውን?

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን፣ ከመካከላችን አንዱ በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለ የገጠመው ነገር ነው። በሰሌዳው ላይ «ረን = ሮጠ» ብሎ ጻፈ፤ ተማሪዎቹም በየደብተራቸው ገለበጡ። በማግሥቱ «ማይ ፋዘር ረንስ ኤ ሾፕ» የሚል ዓረፍተ ነገር መጣ። አንድ ልጅ ብድግ ብሎ «አባቴ ሱቅ ይሮጣል» ሲል ተረጎመ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ፤ አስተማሪውም አብሮ ሳቀ። ልጁ ግን ከዚያች ሰዓት ወዲያ እጁን አላወጣም።

እስቲ እንፍረድ፤ ጥፋቱ የማን ነው? ልጁ የተሰጠውን ትርጉም አምኖ ሠራበት። የተሳሳተው ሰሌዳው ነው። በሰሌዳው ላይ የጻፍነው ደግሞ እኛ ነን።

ለመሆኑ «ረን» ስንት ትርጉም አለው? እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው የታላቁ የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትም ውስጥ በትርጉም ብዛት የሚታወቀው ቃል «ማስቀመጥ» የሚለውን ፍቺ የያዘው «ሴት» ሲሆን፣ ለግሡ ብቻ 430 ያህል ፍቺዎች ተሰጥተውት ነበር። ለሦስተኛው እትም ዝግጅት ሲደረግ ግን «ረን» ቀደመው። እ.ኤ.አ. በ2011 እንደተገለጸው፣ ለግሡ ብቻ 645 ፍቺዎች ተቆጠሩለት። ይህን አንድ ቃል ማዘጋጀት ፒተር ጊሊቨር ለተባሉት የመዝገበ ቃላቱ አዘጋጅ ዘጠኝ ወር ያህል ፈጅቶባቸዋል። እኛ ግን በአንዲት «ሮጠ» እንገላገለዋለን!

ታዲያ ይህ ሁሉ ትርጉም ከየት መጣ? ቃሉ ከጥንትም ቢሆን ለእግር ሩጫ ብቻ የተሠራ አልነበረም፤ በጥንታዊው እንግሊዝኛ ለውኃ መፍሰስም ያገለግል ነበር። ኋላ ሰዓቱ፣ ባቡሩና ሞተሩ ሲመጡ ሰዎቹ ለእነርሱም በዚሁ ቃል ተጠቀሙ። ሞተር ማንቀሳቀስ «ረን» ከተባለ፣ ሱቅን ወይም ድርጅትን ማንቀሳቀስም «ረን» መባሉ አያስገርምም። ዛሬ ደግሞ ኮምፒዩተር ላይ ፕሮግራም ማስጀመር «ረን ማድረግ» ሲባል እንሰማለን። አብዛኞቹን ትርጉሞች አንድ ክር ያያይዛቸዋል፤ ይኸውም ሳይቋረጥ መሄድ፣ ወይም እንዲሄድ ማድረግ ነው።

በዚህ ክር ይዘን ጥቂት ምሳሌዎች እንይ። «ዘ ሪቨር ረንስ» ሲባል ወንዙ ይፈሳል ማለት ነው። «ዘ ኢንጂን ኢዝ ረኒንግ» ሞተሩ እየሠራ ነው። «ዘ ሮድ ረንስ ቱ ጎንደር» መንገዱ እስከ ጎንደር ይዘልቃል። «ዘ በስ ረንስ ኤቭሪ ደይ» አውቶቡሱ በየቀኑ ይመላለሳል። «ዊ ራን አውት ኦፍ ቾክ» ደግሞ መምህር ሁሉ የሚያውቀው ችግር ነው፤ ጠመኔ አለቀብን ማለት ነው። ለምርጫ መወዳደርን አሜሪካኖች «ረን» ሲሉት፣ እንግሊዞች ግን «ስታንድ» ማለትን ይመርጣሉ። ለአንድ ወንበር አንዱ ይሮጣል፣ ሌላው ይቆማል!

ይህ የእንግሊዝኛ ብቻ አመል የሚመስለው ካለ ወደ ራሳችን ቋንቋ ይመለስ። ልጁ እንጀራ በላ፤ እሳት ቤቱን በላው፤ ሹሙ ጉቦ በላ፤ ሥራው ጊዜ በላ፤ ጀርባዬን በላኝ። አማርኛ የሚማር የውጭ አገር ሰው «በላ»ን በአንድ ትርጉም ብቻ ይዞ «ጀርባዬን በላኝ» ስንለው ቢሰማ፣ ጅብ መጣ ብሎ ሳይሮጥ ይቀራል?

ስለ ተመሳሳይ ቃላትም አንድ ነገር እንበል። «ረን» በሚለው ፋንታ «ፍሎው»፣ «ማኔጅ»፣ «ኦፐሬት»፣ «ስፕሪንት»፣ «ጆግ» እያልን በዝርዝር ማስጠናት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ተመሳሳይ ማለት እኩል ማለት አይደለም። «ፍሎው» ለወንዝ እንጂ ለሱቅ አይሆንም። «ማኔጅ» ለሱቅ ይሆናል፤ ለአፍንጫ ግን አይሆንም። «ስፕሪንት» አጭር ርቀትን ባለ በሌለ ኃይል መሮጥ ሲሆን፣ «ጆግ» የኛው ሶምሶማ ነው። የትኛው እንደሚስማማ የሚነግረን የቃሉ ጎረቤት ነው። የሚሮጠው ማን ነው? ምንድን ነው የሚያስሮጠው? ብለን ከጠየቅን መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያው ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ይገኛል።

እንግዲህ ወደ ክፍል ስንገባ ሦስት ነገሮችን እንድናስብ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ቃልን ለብቻው ሳይሆን ከነዓረፍተ ነገሩ እንጻፍ። ሁለተኛ፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ትርጉም ይበቃል፤ 645ቱን ለመዝገበ ቃላቱ እንተውለት። ሦስተኛ፣ ተማሪው ሲሳሳት ከመሳቃችን በፊት ስሕተቱ ከየት እንደመጣ እንጠይቅ። ጉዳዩ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ የሚቀር አይደለም። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ሒሳቡንም ፊዚክሱንም የሚማረው በዚሁ ቋንቋ ነው። ሞተሩ «ረንስ» ሲባል ሞተሩ ወዴት እንደሚሮጥ የሚያስብ ልጅ፣ ትምህርቱ እንዳመለጠው እንኳ አያውቅም።

ጓደኛችን በሳምንቱ ያንኑ ክፍል ገብቶ በሰሌዳው ላይ «በላ» ብሎ ጻፈና ትርጉሙን ጠየቃቸው። ተማሪዎቹ እየተሻሙ ዘጠኝ አወጡለት። ከዚያ በኋላ «ረን» ብሎ ጻፈ፤ «እኔ የሰጠኋችሁ አንዱን ብቻ ነበር» ሲልም ጥፋቱን አመነ። ክፍሉ ዝም አለ። ያ ልጅ ግን እጁን እስኪያወጣ ሌላ ሁለት ሳምንት ፈጀ።

አንድ ቃል በችኮላ መተርጎም ግማሽ ደቂቃ አይወስድም፤ የተሸማቀቀ ልጅ መመለስ ግን ይህን ያህል ጊዜ ይበላል።