አዝማሪ በሰው አገር

አዝማሪ የሚያውቀው ሰው የሌለበት መንደር ሲገባ በእጁ ያለው መሰንቆ ብቻ ነው። አስተዋዋቂ አይቀድመውም፣ አጃቢ ቡድን አይከተለውም፣ ስሙን ከዚያ በፊት የሰማ ላይኖርም ይችላል። ምሽቱ ሳይጋመስ ግን የቤቱን ጌታ ከነአያቱ በስም እየጠራ፣ ሙሽሪትን እያሞገሰ፣ ሽማግሌውን እያስተከዘ፣ ወጣቱን እስክስታ እያስመታ ይገኛል። ሲነጋም መሰንቆውን አንግቶ ወደሚቀጥለው አገር ይሄዳል።

ስለ አዝማሪ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚነሳው የድምፁ ውበት፣ የጣቶቹ ቅልጥፍና፣ የምላሱ ስለት ነው። እነዚህ ሁሉ አሉት። የሙያው መሠረት ግን ጆሮው ነው። አዝማሪ ያዘጋጀውን ሙሉ ዘፈን ይዞ አይመጣም። ግማሹን ይዞ ይመጣል፣ ሌላውን ግማሽ ከገባበት ቤት ያገኘዋል። ለዚህ ነው ብቻውን መጓዝ የሚችለው፤ አጃቢዎቹ በየደረሰበት ይጠብቁታል።

ለእግረኛ የተሠራ መሣሪያ

መሰንቆ ለመንገድ የተመቸ መሣሪያ ነው። ገላው በማዕዘኑ የቆመ ባለ አራት ማዕዘን የእንጨት ሣጥን ሲሆን ፊቱና ጀርባው በቆዳ ይለበጣል። ከሣጥኑ ረጅም አንገት ይወጣል፤ በአንገቱ ጫፍ ላይ አንድ መቃኛ ተሰክቷል። ክሩም አንድ ነው፦ በርከት ያለ የፈረስ ጭራ በአንድ ላይ ተወጥሮ። ደጋኑም የሚወጠረው በጭራ ነው፤ ጭራ ከጭራ እንዲነካከስና ድምፅ እንዲያወጣ ዕጣን ይቀባል። ቆዳው እርጥበት ሲጠጣ ስለሚላላ ባለመሰንቆው እሳት ዳር አስጠግቶ ወይም ፀሐይ አሙቆ ይመልሰዋል።

ጣት ጭራውን በጎን ይነካዋል እንጂ አንገቱ ላይ አያጣብቀውም። ስለዚህ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሄድ የሰው ጉሮሮ እንደሚያደርገው ይንሸራተታል። ቁርጥ ያለ የድምፅ ከፍታም የለውም፤ ተጫዋቹ በዚያ ቀን ጉሮሮው በሚፈቅደው ልክ ይቃኘዋል። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺ ሆዬን፣ አራቱንም ቅኝቶች፣ በዚያችው አንድ ጭራ ይጫወታል። እንዲህ ያለው መሣሪያ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ገደል ይወጣል፣ ወንዝ ይሻገራል፤ ቢሰበርም መጠገኛ እንጨት፣ ቆዳና ጭራ የሌለበት የገጠር ቀበሌ የለም።

መንገዱን የሚቀይሰው ጾም ነው

የአዝማሪ ጉዞ የራሱ ዘመን አለው። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ አገር በጾም ወራት ሠርግ አይደገስም። ስለዚህ ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያለው ጊዜ የሩጫ ወቅቱ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ለ55 ቀን ዳሱ ይፈርሳል፣ መሰንቆው ይሰቀላል። ፋሲካ ሲውል ሚያዝያና ግንቦት እንደገና ይከፈታሉ፤ የሰኔ ጾም እስኪያዝ ድረስ ድግስ ድግስን ይከተላል። ክረምቱ ወንዙን ይሞላል፣ መንገዱን ይቆርጣል፤ ገበሬውም ከእርሻው አይነሳም። ከሠርጉ ሌላ የታቦት ንግሥ አለ፤ መስከረም 21 ለግሸን ማርያም፣ ኅዳር 12 ለሚካኤል፣ ግንቦት 1 ለልደታ አገር ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ሲተም አዝማሪም ከሕዝቡ ጋር ይተማል።

ይህን ጉዞ ብዙ አዝማሪዎች ከሚስታቸው ጋር ያደርጉታል፤ እሱ መሰንቆውን ይገዘግዛል፣ እሷ ትቀበላለች፣ ታጨበጭባለች፣ ትጨፍራለች። ብቻውን የሚዞረው ግን ሁሉንም ራሱ መሆን አለበት። ገጣሚውም፣ ተጫዋቹም፣ አጫፋሪውም፣ ገንዘብ ያዡም እሱ ነው። ሲደክመው የሚተካው፣ ቃል ሲጠፋው የሚያስታውሰው የለም። ፈተናው የሚከብደውም፣ ብልሃቱ ጎልቶ የሚታየውም በዚህ በብቸኛው ላይ ነው።

ከአዝማሪ ጋር የሚመሳሰሉ፣ ነገር ግን የተለዩ ሌሎች መንገደኞችም አሉ። ላሊበላዎች፣ ወይም ሐሚናዎች፣ ንጋት ላይ ከደጅ ቆመው ያለ መሣሪያ በድምፃቸው ብቻ የሚያዜሙና መርቀው የሚሄዱ ናቸው። እነሱም የባለቤቱን ስም ከጎረቤት ጠይቀው በዜማቸው ያስገባሉ። ላሊበላ ግን ደጅ ላይ አመስግኖ ያልፋል። አዝማሪ ቤት ውስጥ ገብቶ ሌሊቱን ከሰዎቹ ጋር ያነጋል፤ ስለዚህ የሚፈለግበት ዕውቀት ይበዛል።

ሳይዘፍን የሚሰማ

ልምድ ያለው አዝማሪ ሥራውን የሚጀምረው ከዳሱ ውጭ ነው። ውሃ ከምትቀዳዋ ሴት፣ እንጨት ከሚፈልጠው ጎረምሳ፣ ጠላ ከሚቀዳው አሳላፊ ጋር ያወጋል። «ወንድሜ፣ የቤቱ ጌታ ማን ይባላሉ? ሙሽራው የማን ልጅ ነው? ከአማቾቹ ታላቁ ማናቸው?» እያለ ይጠይቃል። ማን ከማን ጋር ተጣልቶ እንደታረቀ፣ የማን ልጅ በቅርቡ እንደሞተ፣ የትኛው ሽማግሌ በወጣትነታቸው የጦር ሜዳ እንደዋሉ ይሰማል። ከነዚህ አንዳንዶቹ የሚዘፈኑ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ጨርሶ መነሳት የሌለባቸው። ሐዘን ያለበትን ሰው በሰው ፊት ማስቆዘም፣ ያልታረቁ ወገኖችን በአንድ ስንኝ ማወዳደር ድግሱን ያፈርሳል። ለዚህ ነው መጠየቁ ከመዝፈኑ የሚቀድመው።

የአካባቢውን አነጋገርም ልብ ይላል። የጎጃሙ፣ የጎንደሩ፣ የወሎው፣ የመንዙ አማርኛ የየራሱ ለዛ አለው፤ የተራራው፣ የወንዙ፣ የታቦቱ ስምም ይለያያል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንደሚባለው፣ ከሩቅ የመጣው ዘፋኝ በቅርቡ ወንዝ ስም ስንኝ ሲቋጥር ሰሚው ባዕድነቱን ይረሳለታል።

ወደ ውስጥ ሲገባም በጭፈራ አይጀምርም። መሰንቆውን ቃኝቶ የፈጣሪን ስም ያነሳል፣ ቤቱን ይመርቃል፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹን በዘለሰኛ ይይዛቸዋል፤ ስለ ሞት፣ ስለ ዓለም ከንቱነት፣ ስለ ሰው ልጅ መንገደኛነት። ታላላቆቹ ከፈቀዱት በኋላ ነው ምስጋናው፣ ጨዋታው፣ በመጨረሻም ጭፈራው የሚመጣው። በዕድሜ ቅደም ተከተል ቤቱን መክፈት የቆየ ሥርዓት ነው። እንግዳው ከማን እጅ ፈቃድ እንደሚገኝ ማወቁን በዚህ ያሳያል።

ተቀበል!

የምሽቱ እምብርት ግን ሌላ ነው። ከታዳሚው አንዱ ይነሳና «ተቀበል!» ይላል። አንድ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ያንኑ በዜማ ይመልሰዋል። ሁለተኛው ስንኝ ይሰጣል፤ ይቀበላል። ግጥሙ ሲዘጋ ቤቱ በእልልታና በጭብጨባ ይሞላል፣ ሰጪው ብር አውጥቶ ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል፣ ወዲያው ሌላው ይነሳል። የተሰጠው ግጥም ቤት ካልመታ አዝማሪው አስተካክሎ ይዘፍነዋል፤ ሰጪው በሰው ፊት እንዳያፍር ስንኙን ያቃናለታል እንጂ አያጋልጠውም።

ይህ ልማድ ዘፋኝና አድማጭ የሚለውን ድንበር ያነሳዋል። አንድ ገበሬ ለባለንጀራው በቃል ሊነግረው ያልደፈረውን ምስጋና በአዝማሪው ጉሮሮ ይልክለታል። የተቀየመች ሴት ቅሬታዋን፣ ያፈቀረ ጎረምሳ ፍቅሩን በሌላ ሰው ድምፅ ያሰማል። የተናገረው አዝማሪው ስለሆነ ተቀባዩ ሊቆጣ አይችልም፤ ያሰበው ሌላ ሰው ስለሆነ አዝማሪውም አይወቀስም። የመንደሩ ሰው እርስ በርሱ ሊባባል የፈለገውን የሚባባልበት ሰው የመንደሩ ባለመሆኑ ነው የተመቸው። እንግድነቱ ሥልጣን ይሰጠዋል ማለት ነው።

በዚህ ላይ ሰምና ወርቅ አለ። ቃሉ በአንድ ትንፋሽ ሲባል ፍቅር ይሆናል፤ ከሁለት ተከፍሎ ሲሰማ ወቀሳ ይወጣዋል። ሰሙን ሁሉም ይስቅበታል፣ ወርቁን የሚመለከተው ሰው ያወጣዋል። ገዢዎች «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደነበረው ሁሉ፣ የአዝማሪን አፍም ያደምጡ ነበር፤ ከመንደር መንደር የሚዞር ሰው የሕዝቡን ስሜት ይዞ ስለሚዞር።

ቃል ዋጋ ሲያስከፍል

ያው አፍ አደጋም ያመጣል። በታሪካችን ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ አዝማሪ ነው። በ1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ጦርነት ዋዜማ ጌታውን እያወደሰ ደጃች ካሣን፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ የሆኑትን፣ በግጥም አዋረዳቸው። ጎሹ ተሸንፈው ሲሞቱ አዝማሪው ተማረከ። ያንኑ ግጥም እንዲደግም ሲጠየቅ በራሱ ላይ የሚፈርድ ግጥም አውጥቶ እንደተናገረና ተደብድቦ እንደሞተ ይተረካል።

ከዚያ የከፋው አደጋ የመጣው በፋሺስት ወረራ ዘመን ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣልያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ፣ ግራዚያኒ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ የሚገኙ ዘዋሪ ዘፋኞች፣ ጠንቋዮችና ትንቢት ተናጋሪዎች ተይዘው እንዲረሸኑ አዘዘ። ምክንያቱ የጣልያን አገዛዝ ሊያበቃ ነው የሚል ወሬ ይነዛሉ የሚል ነበር። ጋዜጣና ሬዲዮ በጠላት እጅ በነበረበት ወቅት በእግሩ የሚሄድ፣ በቃሉ የሚይዝ፣ በየቤቱ የሚገባ ሰው ለወራሪው ከባድ ስጋት ነበር።

የተወደደው ዘፈን፣ የተናቀው ሰው

ይህን ያህል የሚፈለገው ባለሙያ በኖረበት ማኅበረሰብ ሲናቅ መኖሩ እጅግ የሚያሳዝን ነው። እንደ ቀጥቃጩ፣ እንደ ሸማኔው፣ እንደ ቆዳ ፋቂው ሁሉ አዝማሪም በጥበቡ ተዋርዷል። ያስጨፈረው ቤት ልጁን አይድርለትም ነበር፤ ሙያው ስድብ ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ አዝማሪዎች እርስ በርስ ተጋብተው፣ አብረው ሰፍረው፣ ሙያውን ከአባት ወደ ልጅ አወረሱት። በጎንደር አካባቢ ያለችው ቡርቧክስ በዚህ የታወቀች የአዝማሪዎች መንደር ናት። ልጆች ገና በሕፃንነታቸው መሰንቆ ይይዛሉ፤ ከአባት ወይም ከአጎት ጋር እየዞሩ ግጥም መቀበልን በዓይናቸው ይማራሉ። ጃፓናዊው አንትሮፖሎጂስት ኢትሱሺ ካዋሴ የጎንደር ሕፃናት አዝማሪዎችን ሕይወት እ.ኤ.አ. በ2006 በፊልም አስቀርቶታል።

የራሳቸው የሚስጥር ቋንቋም አላቸው። ሰዋስዉ የአማርኛ፣ ቃላቱ ግን ሌላ ሰው የማይገባው ነው። በማያውቁት ቤት ተቀምጠው ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ቤቱ ጠባይ፣ ስለ መነሻው ሰዓት በሰው ፊት ይመካከሩበታል። የሴማዊ ቋንቋዎች ሊቅ ቮልፍ ሌስላው ይህን ቋንቋ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1952 ጽፎበታል። የቅዱስ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደም እ.ኤ.አ. በ1975 አዝማሪን ገጣሚና ሙዚቀኛ አድርገው ለዓለም የሙዚቃ ምሁራን አስተዋውቀዋል። የራሱ ሰው የናቀውን ሙያ ምሁራን እንደ ትልቅ ጥበብ መዘገቡት።

ከዳስ ወደ ከተማ

ዛሬ ብዙ አዝማሪዎች ጉዞውን ትተው ከተማ ገብተዋል። በአዲስ አበባ ካዛንቺስ፣ በጎንደር፣ በባሕር ዳር አዝማሪ ቤቶች ተከፈቱ፤ አዝማሪው ወደ ሰው መሄዱ ቀርቶ ሰው ወደ አዝማሪው መጣ። እነ ይርጋ ዱባለና ባሕሩ ቀኜ ደግሞ በካሴት አማካይነት እግራቸው ባልረገጠበት ቤት ሁሉ ገቡ። ከአገር ውጭም መሰንቆ በዋሽንግተንና በእስራኤል ባሉ የኢትዮጵያውያን ሠርጎች ላይ ይሰማል። እዚያ ያለው ዳስ የጎንደሩን፣ የሸዋውን፣ የወሎውን ሰው በአንድ ላይ ስለሚይዝ፣ አዝማሪው «አንተስ የየት አገር ልጅ ነህ?» የሚለውን ጥያቄ በየጠረጴዛው ይደግመዋል።

የሚያሳስበኝ መሰንቆው ይጠፋል የሚለው አይደለም። ትምህርት ቤት ያስተምረዋል፣ ስቱዲዮ ይቀዳዋል። የሚያሳስበኝ መቀበሉ ነው። በስልክ ዋጋው ተቆርጦ፣ ሰዓቱ ተወስኖ፣ በኦርጋንና በትልቅ ድምፅ ማጉያ መካከል ለግማሽ ሰዓት የሚገባ አዝማሪ ስም ለመጠየቅ ጊዜ የለውም፤ ታዳሚውም ግጥም ከመስጠት ይልቅ ስልኩን አንስቶ መቅረጽ ይቀለዋል። ያኔ መሰንቆው ቢሰማም ሙያው ግማሹ የለም፤ የጎደለውም የእኛው ድርሻ ነው።

ስለዚህ ለድግሳችን አዝማሪ ስንጠራ ከክፍያው ሌላ የምንሰጠው አለ። ቀደም ብሎ ይምጣ፤ ከቤተሰቡ ጋር ይቀመጥ፣ ይብላ፣ ይጠይቅ። ድምፅ ማጉያው ዝቅ ይበል። ልጆቻችን ሁለት ስንኝ መግጠም ይማሩ፣ ለአያታቸው ወይም ለሙሽራዋ የሚሰጡትንም አዘጋጅተው ይምጡ። ከሁሉ በላይ ግን ስሙን ጠይቀን በስሙ እንጥራው፤ የሁላችንን ስም ለመማር የደከመ ባለሙያ ይህ ይገባዋል።