ለታናሽ ወንድማችሁ «አስራ ሁለት» በሉት

ቦሌ፣ ገርጂ ወይም ሲኤምሲ አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ፣ ቤት ውስጥ «ኢለቨን፣ ትዌልቭ» እያለ የሚቆጥር ሕፃን አይጠፋም። ብዙዎቹ የግል ትምህርት ቤቶች ሂሳብ የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ ነው። ቆጠራውን ልጁ ይወጣዋል። ጉዱ የሚመጣው መደመር ላይ ነው።

27 + 15 ሲባል «312» ብሎ ቢጽፍ ሰነፍ ነው አትበሉ። 2 እና 1ን ደምሮ 3፣ 7 እና 5ን ደምሮ 12 አገኘ፤ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። መደመሩን ያውቃል። ያልገባው የቦታ ዋጋ ነው።

«ትዌልቭ» ውስጥ አስር እንዳለ ለልጅ አይሰማውም። «አስራ ሁለት» ግን በግልጽ ይናገራል፤ አስር እና ሁለት። በቻይንኛና በጃፓንኛም አቆጣጠሩ እንዲሁ ነው። አርባ ከአራት፣ ሰባ ከሰባት፣ ዘጠና ከዘጠኝ ጋር እንደሚዛመዱም ጆሮ ይለየዋል። ስለዚህ የቤት ሥራው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ማስረዳቱ በአማርኛ ይሁን።

ከዚያ ብር አውጡ። ባለ 1፣ ባለ 10 እና ባለ 100 ብቻ፤ 5 እና 50 ለጊዜው ይቆዩ። 27 ማለት ሁለት አስር ብርና ሰባት አንድ ብር ነው። 15 ደግሞ አንድ አስር ብርና አምስት አንድ ብር። አንድ ላይ ሲሆኑ ሦስት አስር ብርና አስራ ሁለት አንድ ብር ይሆናሉ። የመገናኛ ታክሲ ረዳት ሳንቲም ሲበዛበት ምን ያደርጋል? አስሩን ሰጥቶ አንድ ባለ 10 ይቀበላል። አሁን አራት አስርና ሁለት አንድ አለ፤ 42። «2 ጻፍ፣ 1 ያዝ» የሚባለው ይኸው ነው። መቀነስ ላይ ሲደርስ ደግሞ ባለ 10ሩን መዘርዘር ነው።

ሌላው የተለመደ ስህተት «መቶ አምስት»ን 1005 ብሎ መጻፍ ነው። ልጁ የሰማውን ጽፏል። በግዕዝ ቁጥር ቢሆን እንደሰማው መጻፉ ያዋጣው ነበር፤ ፻፭። ግዕዝ ለመቶ የራሱ ምልክት አለው፣ ዜሮ ግን የለውም። በ105 ውስጥ ያለችው 0 «ባለ 10 ብር የለም» እያለች ነው።

«1 ያዝ»ን በቃሉ ብቻ የያዘ ልጅ ሦስትና አራት አሃዝ ሲመጣ ይጠፋበታል፤ ማባዛት ላይ ደግሞ ይብስበታል። ብሩን እናንተ አትቀይሩለት። በራሱ እጅ ይቀይር፣ ከዚያ እርሳስ ያንሳ።