ሴቭ ያደረጋችሁት ሊንክ የት ገባ?

ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። «ያ የነገርከኝ ስኮላርሺፕ፣ ሊንኩን ላክልኝ እስቲ» አለች። አስታውሳለሁ፤ ማስታወቂያውን ሳየው «ይሄማ ለእሷ ነው» ብዬ ቴሌግራም ላይ ሴቭድ ሜሴጅ ውስጥ ከትቼዋለሁ። «አምስት ደቂቃ ስጪኝ» አልኳት። «ስኮላርሺፕ» ብዬ ፈለግኩ፤ የለም። «የትምህርት ዕድል» ብዬ ፈለግኩ፤ የለም። ጣቴ እስኪዝል ወደ ላይ ስክሮል አደረግኩ። የፊልም ሊንክ፣ የማን እንደሆነ የረሳሁት የባንክ አካውንት ቁጥር፣ ስክሪንሹት፣ ሌላ ስክሪንሹት። ያገኘሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ማመልከቻው የተዘጋው ደግሞ በሁለተኛው።

ለካ ማስታወቂያው ፖስተር ነበር። ጽሑፉ ያለው ፎቶው ላይ ነው፤ የቴሌግራም ፍለጋ ደግሞ ፎቶ ላይ ያለ ጽሑፍ አያነብም። ያኔ አንድ ቃል አብሬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ በሦስት ሰከንድ ይገኝ ነበር። እሷ ምንም አላለችኝም። የባሰው እሱ ነው።

ይሄ አብሮ የሚጻፍ ቃል ነው «ታግ» የሚባለው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ወረቀት ቢሆን አንድ ማስታወቂያ የሚገባው አንድ ፋይል ውስጥ ብቻ ነው። ታግ ግን ስም መለጠፍ ስለሆነ አንዱ ነገር ሦስት አራት ስም ሊኖረው ይችላል፤ «ስኮላርሺፕ»ም ነው፣ «ጀርመን»ም ነው፣ «ለእህቴ»ም ነው። በ2003 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ጆሹዋ ሻክተር የሚባል አሜሪካዊ ፕሮግራመር ዴሊሸስ የሚባል ድረ ገጽ ሠርቶ ነበር። ሰው ሊንኩን እዚያ ያስቀምጣል፣ የፈለገውን ስም ይለጥፍበታል፣ ሌላውም ሰው በዚያ ስም ፈልጎ ያገኘዋል። በ2007 ደግሞ ክሪስ መሲና ትዊተር ላይ # ምልክትን እንጠቀም የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ዛሬ ሃሽታግ የምንለው ከዚያ የመጣ ነው።

ለእኛ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ቴሌግራም ይበቃል። አንድ ፖስት ወደ ሴቭድ ሜሴጅ ፎርዋርድ ስታደርጉ፣ ከመላካችሁ በፊት መጻፊያው ላይ ሃሽታግ ጻፉ። ከፖስቱ ጋር አብሮ ይገባል። በኋላ ያንን ሃሽታግ ስትፈልጉ በዚያ ስም ያስቀመጣችሁት ሁሉ ተሰልፎ ይመጣል። በኢሞጂ ታግ ማድረጊያም አለ፤ ግን ፕሪሚየም ለሚከፍሉ ነው፣ እሱን እለፉት።

አማርኛ ላይ ግን አንድ ጣጣ አለ፤ እኔም ቆይቼ ነው የነቃሁበት። ለእኛ «ሥራ» እና «ስራ» አንድ ቃል ነው። ለስልኩ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ፀሐይ»ን በስንት ዓይነት መጻፍ እንደሚቻል ቁጠሩት። ዛሬ «#ሥራ» ብላችሁ አስቀምጣችሁ ነገ «#ስራ» ብላችሁ ብትፈልጉ ባዶ ነው የሚያሳያችሁ። የአማርኛ አስተማሪዎቼ ይቅር ይበሉኝና እኔ ለታግ ብቻ ቀለል ያለውን ፊደል መርጫለሁ፤ ሁሌ «ሰ»፣ ሁሌ «ሀ»፣ ሁሌ «አ»፣ ሁሌ «ጸ»። እናንተ ሌላውን ምረጡ፣ ችግር የለም። ብቻ አንዴ ከመረጣችሁ አትቀያይሩት። «የስራ»፣ «ለስራ» ምናምን እያላችሁም አትለጥፉ፤ ቃሉን ባዶውን ጻፉት።

ስሙ ራሱስ? «#ትምህርት» ካላችሁ ከወር በኋላ ሁለት መቶ ፖስት ይጠራቀምበታል፤ ያው ተመልሳችሁ ስክሮል ነው። እኔ የምጠይቀው «ይሄን መቼና ለምን እፈልገዋለሁ?» ብዬ ነው። ስለዚህ «#ሲቪ_ስጽፍ»፣ «#ላፕቶፕ_ስገዛ»፣ «#ለአክስቴ_ልጅ» እላለሁ።

የማመልከቻ ቀን ያለው ነገር ከሆነ ታግ ብቻውን አይበቃም። ሴቭድ ሜሴጅ ውስጥ የላኪውን ቁልፍ ጫን አድርጋችሁ ስትይዙ «ሴት ሪማይንደር» የሚል ይመጣል፤ ቀንና ሰዓት ትሰጡታላችሁ፣ በሰዓቱ ያስታውሳችኋል። ቀኑን ግን አጣሩ። ሴፕቴምበር 1 የእኛ ነሐሴ 26 ነው እንጂ መስከረም 1 አይደለም። «መስከረም 1» ተብሎ የተተረጎመ ማስታወቂያ አምኖ የተቀመጠ ሰው አሥር ቀን አለፈው ማለት ነው።

ሌላው፣ ሊንክ ይሞታል። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም በ2024 ባወጣው ጥናት፣ በ2013 ከነበሩ ድረ ገጾች 38 በመቶው ከአሥር ዓመት በኋላ አይገኙም። ማስቀመጫዎቹም ይሞታሉ። ዴሊሸስን በ2005 ያሁ ገዛው፣ ከዚያ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆየ፣ በ2017 አዲስ ነገር ማስቀመጥ ቆመ። ብዙ ሰው ጽሑፍ የሚያጠራቅምበት ፖኬትም፣ ሞዚላን የሚያህል ባለቤት እያለው፣ ሐምሌ 2025 ተዘጋ። ስለዚህ የምር የሚያስፈልጋችሁን ነገር ሊንኩን ብቻ ይዛችሁ አትቀመጡ። አንድሮይድ ላይ ክሮም ገጹን ዳውንሎድ ማድረግ ይችላል፤ ፓኬጅ ባለቀ ቀንም ይከፈታል። ይጠፋል ብላችሁ የምትፈሩትን፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ ገጽ ደግሞ የኢንተርኔት አርካይቭ ዌይባክ ማሽን ላይ «ሴቭ ፔጅ ናው» የሚለው ቦታ ሊንኩን ብትሰጡት ቅጂ ያስቀምጥላችኋል፣ በነፃ። ሴቭድ ሜሴጃችሁንም ኮምፒውተር ላይ በቴሌግራም ዴስክቶፕ «ኤክስፖርት» ማድረግ ይቻላል፤ ሲም ለጠፋበት ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ያስቀመጥነውን ማወቅ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ሴቭ ስናደርግ የተማርን ይመስለናል፤ እኔ ራሴ ሴቭ አድርጌ ያላነበብኩት የእንግሊዝኛ ሰዋስው ብዛቱ አያድርስ ነው። በ2013 አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አሥር የአጠናን ዘዴዎችን መርምረው ነበር። ቀለም መቀባትና ደጋግሞ ማንበብ ጥቅማቸው ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ። ከፍተኛ የሆኑት ራስን መጠየቅና ጥናቱን በተለያየ ቀን ከፋፍሎ ማጥናት ናቸው። አንኪ የሚባለው አፕ የሚሠራው ይሄንን ነው፤ ጥያቄና መልስ ትጽፋላችሁ፣ የከበዳችሁን ቶሎ ቶሎ፣ የቀለላችሁን እያቆየ ይጠይቃችኋል። አንድሮይድ ላይ ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። እኔ አንኪን የምጠቀመው ለእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ለሌላው ፖስቱን ሴቭ ሳደርግ ከሃሽታጉ አጠገብ አንድ ጥያቄ እጽፍና እሁድ እሁድ ፖስቱን ሳልከፍት ለመመለስ እሞክራለሁ። ጥያቄ ያልመጣልኝን ፖስት ሴቭ አላደርገውም።

ዘንድሮ ያ ስኮላርሺፕ ሲከፈት ማስታወቂያውን ቀድማ የላከችልኝ የአክስቴ ልጅ ናት። ከላዩ «#እንዳትጥለው» ብላ ጽፋበታለች።