ቪታሚንንና ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት አብሮ ስለ መውሰድ

በሮቢትና በቆቦ ሜዳ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፥ ከመስከረም እስከ ኅዳር ድረስ፥ ንዳድ ይበረታል። ንዳድ የተባለው ዛሬ ወባ የሚባለው በሽታ ነው። በዚህ ወራት በአንድ ቤት አንዱ የወባ መድኃኒት ሲውጥ፥ ነፍሰ ጡሯ ደግሞ ከጤና ኬላ የተሰጣትን የብረት ኪኒን ስትውጥ ይገኛሉ። ሰው ሁሉ፥ መድኃኒት ሆድ ከገባ በኋላ እያንዳንዱ የየራሱን ሥራ ብቻ የሚሠራ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

ኮአርተም የተባለው የወባ መድኃኒት በባዶ ሆድ ቢዋጥ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው፤ ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋራ ቢወሰድ ግን እጅግ ይጨምራል። ከብት ለሚያረባው ለራያ ሰው ይህ ምክር አይከብደውም። ነገር ግን ያው ወተት ቴትራሳይክሊን የተባለውን መድኃኒት ያሰናክለዋል፤ በወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም መድኃኒቱን ይዞ በአንጀት ያስቀረዋልና። ብረትም እንዲሁ ያደርጋል። ለተስቦ የሚሰጠው ዶክሲሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለውም ከብረት ጋራ በሆድ ሲገናኙ ይጣበቁና ከሰገራ ጋራ ይወጣሉ። ሕመምተኛውም የጠፋበትን ስለማያይ መድኃኒቱን ያማል፤ ሌላም ፍለጋ ወደ ገበያ ይሄዳል። ተስቦ ይዞት ሳለ «ጉልበት ይሰጠኛል» ብሎ የሚስቱን የብረት ኪኒን የሚውጥ ባል በራሱ ላይ የሚያመጣው ይህንን ነው።

ብረት በትክክለኛው አነጋገር ማዕድን እንጂ ቪታሚን አይደለም። ነገር ግን ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው ኪኒን 60 ሚሊግራም ብረትና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ የተባለ ቪታሚን በአንድነት የያዘ ስለ ሆነ፥ በመንደሩ ዘንድ ሁለቱ አይለያዩም።

ከሁሉ የሚከብደው ዶሉቴግራቪር የተባለውን የኤች አይ ቪ መድኃኒት የምትወስድ ነፍሰ ጡር ጉዳይ ነው። ብረቱ መድኃኒቱን ካደከመው ቫይረሱ ይበረታል፤ ሕፃኑም በማሕፀን ሳለ ወይም ሲወለድ ሊያዝ ይችላል። ሁለቱን ከምግብ ጋራ ባንድነት ብትወስድ ጉዳት የለውም። ያለ ምግብ ከሆነ ግን ዶሉቴግራቪሩን ከብረቱ 2 ሰዓት አስቀድማ ወይም 6 ሰዓት አዘግይታ ትዋጥ። ብረቱን ጧት፥ መድኃኒቱን ማታ ማድረግ ይቀላል (ጧት ሲባል ከቡና ጋራ ማለት አይደለም፤ ቡናና ሻይ ብረቱን ያስቀሩታል)። ፈርታ ብረቱን ፈጽማ ብትተው ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው፤ ደም ያነሳት ወላድ ጥቂት ደም ቢፈሳት እንኳ አደጋ ላይ ትወድቃለችና።

ቪታሚን መድኃኒትን በሌላም መንገድ ይቃወማል። እስከ 2004 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ድረስ በኢትዮጵያ ለወባ ይሰጥ የነበረው ፋንሲዳር፥ የወባው ነፍሳት ፎሊክ አሲድ እንዳይሠሩ በመከልከል ይገድላቸው ነበር። እንግዲህ 5 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ አብሮ የዋጠ ሰው ለራሱ ያሰበውን ቀለብ ለጠላቱ አቀበለ ማለት ነው። በነፍሰ ጡር ኪኒን ያለው ጥቂቱ ግን ይህን አያደርግም።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ነገር ደግሞ ተቃራኒ ነው። አይሶኒያዚድ የተባለው በሰውነት ያለውን ቪታሚን ቢ6 ያሳጣል፤ እጅና እግርም ይደነዝዛል፥ ይቃጠላል። ስለዚህ ሐኪሙ ቢ6 ጨምሮ ሲያዝ ሕመምተኛው ትርፍ ነው ብሎ ሊጥለው አይገባም። ይኸው ቢ6 በብዛት ለብዙ ወራት ቢወሰድ ደግሞ ራሱ ጅማትን ያደነዝዛል፤ ከታዘዘው በላይ ከሱቅ ገዝቶ መጨመር አይገባም።

ሕመምተኛ የሚውጠውን ሁሉ፥ ከገበያ የገዛውንም ጭምር፥ ከነማሸጊያው ይዞ ለጤና ሠራተኛው ማሳየት አለበት። ማሸጊያው በባዕድ ፊደል የተጻፈ ስለ ሆነ እንዲያነብ የሚጠራው ብዙ ጊዜ የመንደሩ አስተማሪ ወይም የተማረ ሽማግሌ ነው። አንባቢውም አንድ ነገር ይጠንቀቅ። «ከ6 ሰዓት በኋላ» የተባለውን ባላገሩ «ከቀትር በኋላ» ብሎ ሊሰማው ይችላል፤ ስለዚህ የሚዋጥበትን ጊዜ «ጎሕ ሲቀድ»፥ «ከራት ጋራ» እያለ ይንገረው።