የስሜን ተራራና የስልክ ካርታ

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ለብዙ ዘመን እውነት ሆኖ ኖሯል። በዘመናችን ግን ይህን ምሳሌ የሚፈታተን ነገር መጥቷል። ጎንደር ፒያሳ ላይ በሻይ ቤት የተቀመጡትን ወጣቶች ያስተዋለ ሰው ምን ለማለት እንደ ፈለግን ይገባዋል። አራትና አምስት ሆነው በአንድ ስልክ ላይ አጎንብሰው፥ አንዱ የተወለደባትን መንደር፥ ሁለተኛው ሊማርበት የሚመኘውን የባዕድ ከተማ፥ ሦስተኛው አይቶት የማያውቀውን የባሕር ወደብ እየፈለጉ ያያሉ። እግራቸው ያልረገጠውን አገር በዓይናቸው ይጎበኙታል፤ የጎበኙትንም ይናፍቃሉ። ይህ ጨዋታ ብቻ ነውን? ወይስ ለተማሪና በየመሥሪያ ቤቱ ለሚያገለግል ወጣት የሚጠቅም ትምህርት አለበት? ዛሬ ስለዚህ ጉዳይ ጥቂት ቃል ለመጻፍ አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የነገሩን አሠራር ማወቅ ይገባል። ሳተላይቶችና አውሮፕላኖች ከላይ ሆነው የሚያነሡት ፎቶግራፍ እርስ በርሱ ይጋጠምና የመንገዱና የመንደሩ ስም ይጻፍበታል። በ2004 በእንግሊዝ አገር የተጀመረው ኦፕን ስትሪት ማፕ ማንኛውም ሰው የሚያውቀውን እንዲጨምርበት የተፈቀደ ካርታ ነው፤ በተከታዩ ዓመት በ2005 ደግሞ የጉግል ኩባንያ ካርታ ወጣ። የቆምንበትን ስፍራ የሚነግረን ግን የአሜሪካ መንግሥት ያቋቋመው ጂፒኤስ የተባለው ዘዴ ነው። ስልኩ ቢያንስ ከአራት ሳተላይቶች የሚመጣውን ምልክት ተቀብሎ፥ ምልክቱ ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ እያሰላ ቦታውን ያገኛል። እስከ 2000 ድረስ ለሕዝብ የሚሰጠው ምልክት ሆን ተብሎ እንዲዛባ ይደረግ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ስሕተቱ ወደ ጥቂት ሜትር ወርዷል። ደግሞም ይህን ምልክት ለመቀበል ኢንተርኔት አያስፈልግም። በ2023 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ እንኳ፥ ካርታውን አስቀድሞ በስልኩ ላይ ያኖረ ሰው የቆመበትን ለማወቅ የሚያግደው አልነበረም።

የካርታው ደስታ ብዙ ነው። የፋሲልን ግቢ ከሰማይ ሲያዩት 900 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አጥር ግንቦቹን እንደ መቀነት ዙሪያቸውን ታጥቋቸው ይታያል። ወደ ስሜን የዘለቀ ሰው በጣልያን ወረራ ዘመን የተሠራው የሊማሊሞ መንገድ ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ያገኘዋል። ወደ ደቡብ ጎንደር የተመለሰ እንደ ሆነ ደግሞ በታረሰው ማሳ መካከል ክብ ክብ የሆኑ አረንጓዴ ነጥቦችን ያያል። እነዚህ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ናቸው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና አሜሪካዊቱ ሳይንቲስት ሜግ ሎውማን ደኖቹ በድንጋይ አጥር እንዲከበሩ ሲደክሙ፥ ይኸው ከሰማይ የሚታየው ሥዕል ረድቷቸዋል።

ካርታው የሚያሳዝንም ነገር ያሳያል። በስሜን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ይኖር የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛውሯል፤ ፓርኩም በ2017 አደጋ ካንዣበበባቸው የዓለም ቅርሶች መዝገብ ወጥቷል። ጉግል ኧርዝ የቀድሞውን ፎቶግራፍ ወደ ኋላ እየመለሰ ስለሚያሳይ፥ መንደሩ ሰው በነበረበት ጊዜ የተነሣውን ሥዕል ያገኘ ሰው ጎጆዎቹን ከነአጥራቸው ያያቸዋል። ዱር አራዊቱ ዕረፍት አግኝቷል፤ ነገር ግን እዚያ የተወለደ ልጅ የአባቱን ደጅ በስልክ ላይ ሲያይ ምን እንደሚሰማው አንባቢ ያስበው።

አገራችንን በካርታ ላይ ማስፈር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ በ1683 የኢትዮጵያን ካርታ ሲያሳትም አገሩን በዓይኑ አላየም ነበር፤ ያስተማሩት የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። ጄምስ ብሩስም በ1770 ጎንደር ሲገባ ከባድ የኮከብ መለኪያ ሰዎች እየተፈራረቁ ተሸክመውለት ነው። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከተራራ ወደ ተራራ እያነጣጠረ ማዕዘኑን ሲለካ ዐሥር ዓመት ያህል በአገራችን ቆይቷል። መሣሪያው የፈረንጅ ይሁን እንጂ የወንዙንና የተራራውን ስም የነገረ፥ መንገዱንም የመራ የአገሬው ሰው ነበር።

እንግዲህ ካርታው ይህን ያህል ከጠቀመ፥ እንከኑንም መናገር ግዴታችን ነው። ከዓመታት በፊት፥ መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ፥ ጨነቅ ከተባለው ሰፈር ላይ ቆመን ስልካችንን ከፈትን። ከቧሂት ራስ እስከ ራስ ደጀን በቀጥታ መስመር ሲለካ ከ20 ኪሎ ሜትር አልበለጠም። «ነገ ለምሳ እንደርሳለን» አልን። በቅሎ የሚነዱልን ሽማግሌ ስልኩን ተመለከቱና ሳቁ። «ልጆቼ፥ ይህማ ለአሞራ እንጂ ለሰው አልተለካም» አሉን። እውነታቸውን ነበር። ከ4,000 ሜትር በላይ ከሆነው የቧሂት መተላለፊያ ወደ መሸሃ ወንዝ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት ይወረዳል፤ የወረዱትንም ያህል፥ ከዚያም በላይ፥ መውጣት አለ። በሁለተኛው ቀን ከራስ ደጀን ስንደርስ ጉልበታችን የሽማግሌውን ምስክርነት አጽድቆ ነበር።

ይህን ያነሣነው ለሳቅ ብቻ አይደለም። አንድ ወጣት ሹም በቢሮው ተቀምጦ፥ «ይህች መንደር ከጤና ጣቢያው አምስት ኪሎ ሜትር ናት፤ ቅርብ ናት» ብሎ ቢወስን፥ በመካከሉ ገደል ቢኖር ምጥ የያዛትን እናት በቃሬዛ የሚሸከሙት ሰዎች ቀኑን ሙሉ ይሄዳሉ። የጃናሞራና የበየዳ ሰው መንገድን በኪሎ ሜትር ሳይሆን «የግማሽ ቀን»፥ «የአንድ ቀን» እያለ የሚቈጥረው ባለማወቅ አይደለም፤ ዳገቱን ቈጥሮ ነው። ስለዚህ ካርታን የሚያነብ ሹም መስመሩን ብቻ ሳይሆን የከፍታውን ልክ ይመልከት፤ ከተመለከተም በኋላ የሚሄድበትን ሰው ይጠይቅ።

የስምም ነገር አለ። የአገሩ ሰው ራስ ደጀን የሚለውን ተራራ የፈረንጅ ካርታ «ራስ ዳሸን» ብሎ ጻፈው፤ ስሕተቱም እየተገለበጠ ዓለምን ዞሮ ተመለሰና ለባንክና ለቢራ መጠሪያ ሆነ። ከፍታው እንኳ በቀድሞው የትምህርት መጽሐፍ 4,620 ሜትር ሲባል ኖሮ፥ በኋለኛው ዘመን ልኬት 4,550 ሜትር ገደማ ሆኗል። ቁጥሩን አዲስ ልኬት ያርመዋል፤ የተጣመመ ስምን ግን የሚያቃናው ባለቤቱ ነው።

እነሆ፥ በደጋው ብዙ መንደሮችና ምንጮች ስማቸው በካርታ ላይ ገና አልሰፈረም። ስም የሌላት መንደር ደግሞ ርዳታ በሚላክበት ጊዜ ለመረሳት ቅርብ ናት። ተማሪ ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲወርድ ሽማግሌዎችን ጠይቆ፥ ስሙን በትክክል ጽፎ፥ ወንዙን ከክረምትና ከበጋ መሻገሪያው ጋር ቢመዘግብ፥ ሥራው ከአንድ ቀን ጨዋታ የሚበልጥ ይሆናል። ያላየውን ግን አይጨምር፤ የሐሰት መንገድ ከባዶ ካርታ ይልቅ ሰውን ገደል ይከታልና። አባቶቻችን «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ያሉት ለዚህ ነው። ሳተላይቱ የሣሩን ቀለም ከሰማይ ያያል፤ የሰርዶውን ሥር የሚያውቅ ግን እዚያው የሚኖር ሰው ነው።