ጓሮው ሲሚንቶ ከመልበሱ በፊት

ክረምቱ ወጥቶ የመስከረም ፀሐይ ስትፈነጥቅ ደጃፉ ይጠረጋል፤ እንግዳ መቀበያውም ይሰናዳል። የጓሮውን ነገር የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። በአዲስ አበባ በብዙ ግቢ ከቤቱ ኋላ ያለው መስክ ልብስ የሚሰጣበት፣ ልጆች የሚቦርቁበት፣ አያት ፀሐይ የምትሞቅበት ስፍራ ነው። ይኸው ስፍራ ጥቂት ዓመት ተመልካች ያጣ እንደ ሆነ ሰርዶው ይመነምናል፤ በምትኩም የድንጋይ ሽበት የምንለው፣ እንደ ከፋይ የለሰለሰ አረንጓዴ ነገር መሬቱን ያለብሰዋል። ሲያዩት ያምራል፤ ሲረግጡት ግን ያንሸራትታል። ምርኩዝ ለያዘች አያትና ለሚሮጥ ሕፃን አደጋው ቀላል አይደለም።

በዚህ ጊዜ ብዙ ባለቤቶች የሚቸኩሉት ጓሮውን ሲሚንቶ ለማልበስ ነው። ነገር ግን ሲሚንቶ የለበሰ ጓሮ ዝናቡን አይጠጣም፤ ጎርፉን ወደ ጎረቤትና ወደ መንገድ ይሰዳል፤ በበጋ ሙቀቱን ያግላል፤ ልጅ ሲወድቅበትም አይራራም። ስለዚህ አስቀድሞ ሽበቱ ስለ ምን እንደ መጣ መጠየቅ ይገባል እንላለን።

ሽበቱ ሣሩን ገድሎ የገባ ጠላት አይደለም። እውነተኛ ሥር የለውም፤ ውሃ የሚጠጣው በገላው ነው። አበባም አያብብም፤ በዘር ፈንታ እንደ ዱቄት የላመ ብናኙን ነፋስ ይበትንለታል። ሣሩ የለቀቀውን ቦታ ይይዛል እንጂ የበረታ ሣር አያስለቅቅም። በበጋ ደርቆ ሲጠቁር የሞተ ይመስላል፤ ዝናብ ሲነካው ግን ይነሣል። በብረት ሰልፌት ማጥቆር ይቻላል፤ ምክንያቱ ካልተወገደ ግን ተመልሶ ይመጣል።

ምክንያቶቹም በአብዛኛው ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ጥላ፣ የቆመ ውሃና የተደቀደቀ አፈር ናቸው። ሰርዶ ፀሐይ ወዳድ ስለ ሆነ ባሕር ዛፍ ወይም አቮካዶ ባጠላበት ሥር አይበረታም። በበጋው ወራት የታችኞቹን ቅርንጫፎች መመልመል፣ የተሰበረውን አሸንዳ መጠገንና ለጠፈጠፉ ቦይ ማውጣት ያስፈልጋል። አፈሩን ለመፈተን አንድ ስንዝር ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃ መሙላት ነው፤ ውሃው በማግስቱም ካልሰረገ፣ ሥራው ከቦይ መጀመር አለበት።

ግንቦት ሲገባ ሽበቱን በሬክ ቧጥጦ ማንሣት፣ ከዚያም መሬቱን በሹል ብረት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት እየወጉ አሸዋና የበሰበሰ ፍግ ቀላቅሎ በቀዳዳዎቹ ላይ መበተን ይበጃል። ኮምጣጣ አፈር ለሽበቱ ስለሚስማማው ጥቂት የማገዶ አመድ መነስነስም ይረዳል፤ ማብዛት ግን አያስፈልግም።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጥል ደግሞ አንጓ ያላቸውን የሰርዶ ሐረጎች ከግቢው ፀሐያማ ዳር ነቅሎ፣ በአንድ ስንዝር ርቀት መትከል ነው። ለሣር ዘር ተብሎ ወደ ገበያ መውጣት አያሻም። ሲያድግ እስከ መሬቱ ድረስ አለመላጨት ነው፤ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል የተተወለት ሣር መሬቱን ያጠላል፤ ሽበቱም ማረፊያ ያጣል። ፀሐይ ፈጽሞ በማይደርስበት ጥግ ግን ከሣር ጋር መታገል ድካም ነው፤ በዚያ ጠጠር ማንጠፍ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ከሲሚንቶ ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ወጪው ግን ጥቂት፣ ሥራውም ቤተ ሰቡ በጋራ የሚሠራው ነው። ልጆች ሐረጉን ይትከሉ፤ የተከሉትን ለመርገጥ ይሳሳሉና። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ አያት ሳትወድቅ ዛሬ የአሸንዳውን ቀዳዳ የተመለከተ ባለቤት፣ በሚመጣው መስከረም ወንበሯን ጓሮው መካከል፣ ሰርዶው ላይ ያወጣላታል።